ድልድይ ሲተካ የመሬት አጠቃቀም ፕላኑም ይመረመራል፦ የሱሉልታ መስመር ጉዳይ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በፍቼና በጎሃ ጽዮን አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የእንጦጦን ተራራ እንደተሻገረ ወደ ሌላ የውኃ ተፋሰስ ይገባል። በተራራው ደቡባዊ ገጽ የሚወርደው ዝናብ ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ ሲፈስ፣ በሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚያርፈው ግን በስቢሉና በሙገር ወንዞች አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። መዲናዋን ከከበቡት ከተሞች መካከል ሰበታና ቡራዩ የሚገኙት በአዋሽ ተፋሰስ ነው።

ይህ ጉዳይ የመንገድ መሐንዲሶችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። የድልድይ ስሌት በምን ላይ እንደሚመሠረት ለተመለከተ ግን የከተማ ፕላን ጉዳይም ሆኖ ይገኛል።

የአንድ ድልድይ ርዝመትና ከፍታ የሚወሰነው በ50 ወይም በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ ይችላል ተብሎ በሚገመተው የጎርፍ መጠን ነው። የጎርፉ መጠን ደግሞ ከዝናቡ ባሻገር በተፋሰሱ ስፋት፣ በተዳፋቱ፣ በአፈሩና በመሬቱ ሽፋን ይሰላል። ሣር የለበሰና ውኃ የሚቋጥር ሜዳ የክረምቱን ዝናብ ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል። ያው ሜዳ ቤት፣ መጋዘን፣ ፋብሪካና አስፋልት ሲለብስ ግን ውኃው በአጭር ጊዜ ተጠራቅሞ ወንዙን ይሞላል። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ የሚተኛበት የሱሉልታ ሜዳ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በግንባታ ከተለወጡት አካባቢዎች አንዱ ነው።

በመሆኑም በዚህ መስመር ላይ ያረጀ ድልድይ ለመተካት የሚቀርብ ጥናት የዛሬውን የግጦሽ መሬት መነሻ አድርጎ ከተሠራና የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ያንኑ መሬት ለመኖሪያና ለኢንዱስትሪ ከመደበው፣ አዲሱ ድልድይ ሳያረጅ ይጠብባል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ለመዋቅራዊ ፕላን የሰጠው የአገልግሎት ዘመን 10 ዓመት ነው። ድልድይ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ለሚበልጥ ዘመን የሚሠራ ነው። ስለሆነም ጥናቱ በሥራ ላይ ካለው ፕላን ባሻገር ከተማው ወዴት እያደገ እንደሆነ ሊመረምር ይገባዋል።

የመሬቱ ጉዳይ ከውኃው ስሌት ጋር አያበቃም። ነባሩ ድልድይ ሥራው እስኪጠናቀቅ ለትራፊክ ክፍት ሆኖ መቆየት ስላለበት አዲሱ ብዙውን ጊዜ ከጎኑ ይገነባል፤ መንገዱም በሁለቱም ጫፍ ከቀድሞ መስመሩ ይወጣል። ለመዳረሻ መንገዱ፣ ለአፈር ሙሌቱ፣ ለሠራተኞች ካምፕና ለገረጋንቲ ማውጫ የሚያስፈልገው መሬት ድልድዩ ራሱ ከሚያርፍበት ይበልጣል። ይህ መሬት በአንድ በኩል የአርሶ አደር ማሳ፣ በሌላው በኩል የመንገድ ዳር ሱቅ ነው።

በጎርፍም በመሬትም ረገድ ትምህርት የሚሰጠው በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ፣ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የሚገኘው የዓባይ በረሃ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የተሠራው ድልድይ በማርጀቱ፣ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ የተገነባውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። ግንባታውን ያከናወነው ካጂማ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ድልድዩ የታሰበለትን ጭነት ቢሸከምም፣ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ያረፈበት ተዳፋት ግን መንሸራተቱን አላቆመም፤ አስፋልቱ እየተሰነጠቀና እየተጣመመ በመቸገሩ የኢትዮጵያና የጃፓን ባለሙያዎች ለመሬት መንሸራተቱ የመከላከያ ጥናት ለብቻው ማካሄዳቸው ይታወሳል። የድልድዩ ጥንካሬ የመዳረሻውን መሬት ችግር አልፈታም።

በሱሉልታ የመሬት ፕላን ጥያቄ የቴክኒክ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አቀናጅቶ ለማልማት የተዘጋጀው ማስተር ፕላን ከባድ ተቃውሞ አስነስቶ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተደርጓል። የተቃውሞው ዋና መነሻ አርሶ አደሩ ከይዞታው ይፈናቀላል የሚለው ስጋት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱሉልታ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተደራጅታለች። ስለዚህ ለድልድይ መዳረሻ ተብሎ የሚካለል ጠባብ መሬትም ቢሆን በነዋሪው ዘንድ ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም።

የወሰን ማስከበር ችግር የሚለው ሐረግ ከተጓተቱ የመንገድ ፕሮጀክቶች ሪፖርት ብዙም አይጠፋም። ሐረጉ ጥፋቱን በባለይዞታው ላይ የሚያሳርፍ ቢመስልም፣ ብዙውን ጊዜ የዘገየው የመረጃው ርክክብ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬት የሚፈልገው መሥሪያ ቤት የሚፈልገውን ይዞታ ዝርዝር መረጃ ሥራው ከመጀመሩ ከ1 ዓመት በፊት እንዲያቀርብ ያዝዝ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺዎች ከካሳ ባሻገር መልሰው እንዲቋቋሙ ይደነግጋል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ማሻሻያ ለፌዴራል ፕሮጀክቶች ጭምር ካሳ የመክፈሉ ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች ዞሯል። የድልድዩን ቦታ የሚመርጠው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ ካሳውን በበጀቱ የሚይዘው ግን ሌላ አካል በመሆኑ ሁለቱ ከቦታ መረጣው በፊት ካልተነጋገሩ የበጀት ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል።

ሌላው በጥናት ወቅት የሚዘነጋው የነባሩ ድልድይ ዕጣ ነው። በባሕር ዳር 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው ነባር ድልድይ በአቅራቢያው ነበር። እንዲህ ያለ ድልድይ ለእግረኛና ለጋሪ ይተው፣ የውኃ መሥመር ይሸከም ወይስ ይፍረስ የሚለው ውሳኔ የዳርቻውን መሬት አጠቃቀም ይወስናል። በሱሉልታ መስመር ላይ ድልድይ ሲተካ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የከተማው የአካባቢ ልማት ፕላን ሲሆን፣ መልሱም ለጨረታ ሰነዱ እንዲደርስ ፕላኑ ከዲዛይኑ ቀድሞ መጽደቅ ይኖርበታል።