ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚል ውሻና ጌታው



ዛሬ የምጽፈው ስለ ውሻ ነው። «መጋቢ ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ምክንያቴ ቀኝ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ጠባሳው የገዛ ውሻዬ ጥርስ ያሳረፈው ነው። በዚያው ቀን ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ለዓመታት የኖርነው መልካም ጉርብትናም ሊበላሽ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2 ዓመት በፊት አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አባል ውሻቸው ስትወልድ የ2 ወር ወንድ ቡችላ ሰጡን። ልጄ ነብሮ ብሎ ስም አወጣለት። እስከ 6 ወሩ ድረስ ያገኘውን ሰው ሁሉ የሚልስ፣ ድመት አይቶ የሚሸሽ ነበር። ወደ 9 ወሩ ሲጠጋ ግን ሌላ ውሻ ሆነብን። ማለዳ ይዤው ስወጣ ወንድ ውሻ ካየ ይገተራል። አፉ ይዘጋል፤ ጭራው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ያለው ጸጉር ይነሣል፤ ዓይኑን ሳይነቅል ያፈጣል። ከዚያ ገመዱን እየጎተተ መጮኽ ነው። በሰፈራችን ያልተፋጠጠው ወንድ ውሻ አልነበረም።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች «የመጋቢ ውሻ እኮ ጀግና ነው» ሲሉ ፈገግ እል ነበር። እሑድ ስለ ሰላም የሚሰብክ ሰው ሰኞ ማለዳ በውሻው ጠበኝነት ይኮራ ነበር ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ መኪና ለማስወጣት የግቢውን በር ስንከፍት ነብሮ በእግራችን መካከል ሾልኮ ወጣ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩ 70 ዓመት ያለፋቸው እናት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ቡቺ የሚባል ሽማግሌ ውሻ አላቸው። ቡቺ እንደ ልማዱ በራቸው ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ነብሮ ደረቱን ነፍቶ ከፊቱ ቆመ፤ ቡቺም ተነሣ። ቀጥሎ የሆነው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሮጬ የነብሮን ማጅራትና ጆሮ ጨምድጄ ጎተትሁ። ዞር ብሎ እጄን ነከሰኝ። ማን እንደያዘው ያየ አይመስለኝም። የቡቺ ጆሮ ተቀደደ፤ ትከሻውም ቆሰለ። እማማ በነጠላቸው ደሙን እየጠረጉ አለቀሱ።

በምሳሌ 26፥17 ላይ ጠቢቡ በማይመለከተው ጠብ ውስጥ የሚገባን ሰው የውሻ ጆሮ ከሚይዝ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ኮሌጅ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ከመድረክም ሰብኬዋለሁ። በደንብ የገባኝ ግን ጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄ ሲታጠብ ነው።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። የቡቺን ማሳከሚያ እኛ እንደምንከፍል ነገርናቸው። እማማ አልጮኹብንም። ቡና እየቀዱልን ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ውሻህ ሲገተር አንተም አብረህ ትገተራለህ። ማለዳ ማለዳ በመስኮት አይሃለሁ» አሉኝ።

ይህ ቃል ከቁስሉ ይልቅ አመመኝ፤ እውነት ነበርና። ከሩቅ ውሻ ሳይ ገመዱን አሳጥራለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ትከሻዬ ይነሣል። ውሻው ይህን ሁሉ በገመዱ በኩል ይሰማዋል። «ጌታዬ ከፈራ አደጋ አለ ማለት ነው» ብሎ ቢዘጋጅ ምን ይገርማል?

በዚያ ሳምንት ምክር አላጣሁም። አንዱ «ግረፈው፣ ይለቀዋል» አለኝ። ሌላው «ቀን ከሌት በሰንሰለት እሰረው» አለኝ። ሦስተኛው፣ እርሱም በቤተ ክርስቲያን የማከብረው ወንድም ነው፣ «በመኪና ወስደህ ከከተማ ዳር ጣለውና ተገላገል» አለኝ። እነዚህ ሦስቱ በየሰፈራችን የተለመዱ ናቸውና ስለ ሦስቱም የማምንበትን ልናገር።

ዱላ ነገሩን ያብሰዋል። ሌላ ውሻ በታየ ቁጥር ዱላ የሚያርፍበት ውሻ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ውሻ ሲመጣ ሕመም እንደሚመጣ። ማጉረምረሙን በዱላ ካስተዉት ደግሞ የባሰ ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የተነጠቀ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ሰንሰለትም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ታስሮ በአጥሩ ሽንቁር ሌሎች ውሾች ሲያልፉ የሚያይ ውሻ ሊደርስባቸውም ሊሸሻቸውም አይችልም። በውስጡ የሚጠራቀመው ንዴት በሩ በተከፈተ ቀን ይወጣል። ነብሮ ያን ቅዳሜ እንደ ጥይት የወጣው ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ ስለ ከረመ ነው።

መጣል ግን ከሁሉ የከፋው ነው። በመንገድ መኖር ያልለመደ ውሻ ይራባል፣ መኪና ይገጨዋል፣ የሰው ልጅም ይነክሳል። ችግራችንን ወስደን በማናውቀው ሰው ደጅ ጣልን እንጂ አልተገላገልንም። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚጠነቀቅ ያስተምራል። ያ ቃል የሚመለከተው የታዘዘውንና ያላስቸገረውን እንስሳ ብቻ አይደለም። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው እንዲሉ፣ ውሻንም የሚያሳድጉት ከነጉርምስናው ነው።

አዎን፣ ጉርምስና ነው። ወንድ ውሻ ከ6 ወሩ ገደማ ጀምሮ እስከ 18 ወርና ከዚያም በላይ ጎረምሳ ነው። ሰውነቱ ቶሎ ያድጋል፤ ጠባዩ በስሎ የሚረጋው ግን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት በ5 ወራቸው «ተቀመጥ» ሲባሉ ይታዘዙ የነበሩ ውሾች በ8 ወራቸው አሳዳጊያቸውን ችላ እንደሚሉ አሳይቷል። የሚገርመው፣ እንግዳ ሰው ሲያዛቸው እንዲህ አልሆኑም። ጎረምሳ ልጅ ያሳደጋችሁ ወላጆች ይህን ስታነቡ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ነገር ፍርሃት ነው። ደረቱን የሚነፋ ውሻ ሁሉ ደፋር አይደለም። የቆመ ጸጉር ውሻው መነቃቃቱን እንጂ የግድ ሊነክስ መቁረጡን አያሳይም፤ ብዙ ጊዜ «አትጠጋኝ» ማለት ነው። ቡችላ ዓለምን በሰላም የሚለማመድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ነው። ነብሮ ያን ጊዜ ያሳለፈው በተዘጋ ግቢ ውስጥ ነው። ከእናቱ ከተለየ በኋላ ለወራት ከአንድም ውሻ ጋር በወጉ አልተዋወቀም። ይህ የእርሱ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው።

አንድ የእንስሳት ሐኪም አማከርሁና ሥራ ጀመርን። የረዳን ምንድን ነው? አንደኛው ርቀት ነው። ለእያንዳንዱ ውሻ ሌላ ውሻ አይቶ ገና ሳይገተር የሚቆይበት ርቀት አለው። ለነብሮ 30 ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ርቀት ላይ ውሻ ሲያይና ሳይጮኽ ሲቀር ወዲያው ትንሽ የተቀቀለ ሳንባ እሰጠዋለሁ። ቆራርጬ በፌስታል ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። (ባለቤቴ ስለ ኮቴ ሽታ ያለችውን እዚህ አልጽፍም።) ከሳምንታት በኋላ ውሻ ሲያይ ራሱ ዞሮ ወደ እኔ ማየት ጀመረ። ያኔ ርቀቱን ቀስ በቀስ ቀነስን። ከተገተረ ደግሞ ቀርቤያለሁ ማለት ነውና ሳልቆጣ ዞሬ እርቃለሁ።

ሌላው አካሄድ ነው። ውሾች ፊት ለፊት መገናኘት አይወዱም። በጠባብ መንገድ ፊት ለፊት ከማምጣት መንገድ ተሻግሮ ወይም ክብ ሠርቶ ማለፍ ይሻላል። ገመዱም ላላ ማለት አለበት። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ውሻ ሲመጣ እጄን ማላላትና ትንፋሼን መልቀቅ ወራት ፈጀብኝ። እማማ በመስኮት ያዩታል እያልሁ ተለማመድሁ።

ቤት ውስጥም ነገሮችን አስተካከልን። በሩ ከመከፈቱ በፊት ነብሮ ይታሰራል፤ መኪናው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ይፈታል። ቀን በግቢው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። በቀን ሁለት ጊዜ እንወጣለን፤ ዝም ብሎ እንዲያሸት ጊዜ እንሰጠዋለን። ወንድ የምትፈልግ ሴት ውሻ በሰፈሩ ስትኖርና ወንዶቹ ሲሰበሰቡ በዚያ በኩል አንሄድም። ስለ ማኮላሸት ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ሴት ፍለጋ መዞርንና በየቦታው መሽናትን ይቀንሳል፤ ጠበኝነቱ ከፍርሃት የመጣ ከሆነ ግን ላያድነው፣ አንዳንዴም ሊያብሰው ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት ስላለ ብቻ አታድርጉት፤ ውሻችሁን ያየ ሐኪም ይምከራችሁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ልጨምር። ውሾች ከተያያዙ እጃችሁን በመካከላቸው አታስገቡ፤ እንደ እኔ አትሁኑ። ባልዲ ውኃ ድፉባቸው፣ ብርድ ልብስ ጣሉባቸው፣ ቆርቆሮ አንኳኩ። የነከሰው ውሻ የራሳችሁ ቢሆንም ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ውሻችሁን ከ3 ወሩ ጀምሮ አስከትቡ፤ በየዓመቱም አሳድሱ። «ጸልየናል» ብሎ ክትባት መተው እምነት አይደለም፤ በጎረቤት ልጅ ሕይወት መቀለድ ነው።

«ታዲያ ውሻ ካልተቆጣ ቤት በምን ይጠበቃል?» የሚለኝ አለ። ሌባ ባለበት ከተማ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቤት ጠባቂ ውሻ ሰው በሩን ሲነካ የሚጮኽ ነው። መንገድ ላይ ከሚያልፍ ውሻ ጋር የሚናከስ ውሻ ምንም አልጠበቀም። ሌባ ሲመጣ የእኔና የእማማ ውሻ እርስ በርሳቸው ሲፋጠጡ ቢያገኛቸው ደስ ነው የሚለው። ነብሮ ዛሬም ሌሊት ይጮኻል፤ ተኝተን እናድራለን። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን ውሻችን ክፉ እንዲሆን የምንፈልገው ለቤቱ ሳይሆን ለስማችን ነው። እኔ እንዲያ ነበርሁ።

ነብሮ ዛሬ ከ2 ዓመት በላይ ሆኖታል። የውሻ ሁሉ ወዳጅ ሆነ ብዬ አልዋሽም። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው ጥቁር ውሻ ጋር አሁንም አይዋደዱም፤ መንገድ እንሻገራለን። ከቡቺ ጋር ግን ታርቀዋል። ልጄ ቡቺን፣ እኔ ነብሮን ይዘን በመንገዱ ግራና ቀኝ ወደ አንድ አቅጣጫ በመሄድ ጀመርን፤ ከሳምንት ሳምንት እየተቀራረብን አሁን ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የቡቺ ጆሮ ግን እንደተሰነጠቀ ቀርቷል። ባየሁት ቁጥር ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ።

ባለፈው ፋሲካ እማማ ዳቦ ላኩልን። ከዳቦው ጋር በሌላ ፌስታል አጥንት ነበር፤ «ለነብሮ» ተብሎ።

ወገኖቼ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ጎረምሳ ውሻ ያላችሁ፣ ዱላውን አስቀምጡ፤ ሰንሰለቱን ፍቱ፤ በሩን ግን ጠንቅቃችሁ ዝጉ። ውሻችሁ የጎዳው ጎረቤት ካለ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ወጪውንም ቻሉ። ነገ ማለዳ ስትወጡ ደግሞ ከውሻው በፊት ገመዱን የያዘውን እጃችሁን ተመልከቱ።

የሰላም አምላክ ከእናንተና ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ይሁን። አሜን።