ስለ ንግድ ቤት ድረ ገጽ አመራረጥ

የአንድ ንግድ ቤት ጸሐፊ፤ ከቡታጅራ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የሚነግድ ሰው «ድረ ገጽ ያስፈልግሃል» የሚል ምክር ሳይሰማ የሚሰነብትበት ጊዜ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምክሩ መልካም ነው። መካሪውም ወዲያው አስከትሎ «በየትኛው ይሠራልህ? በዊክስ ነውን? በሾፒፋይ ነውን? ወይስ በዎርድፕረስ?» እያለ ይጠይቃል። እኔ ግን በአሠሪዬ ንግድ ቤት ከደረሰው ነገር የተነሣ፣ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ ይኸውም የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በማን ስም ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? የሚለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አሠሪዬ የማረቆን በርበሬ እየሰበሰቡ ለአዲስ አበባና ለሐዋሳ ነጋዴዎች በጅምላ የሚያከፋፍሉ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ወጣት መጥቶ ድረ ገጽ ሠራልን፤ ሥራውም ያማረ ነበር፤ ዋጋውን በእጁ ከፈልነው፤ ውል ግን አልተዋዋልንም። አድራሻውን በደረሰኛችን ግርጌ፣ በጆንያው ላይና በጭነት መኪናችን በር ላይ አጻፍን። ሁለት ዓመት ያህል በሰላም ሲሠራ ቆየ። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ስልኩም መሥራቱን አቆመ። ስሙን ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ስለ ነበረ «የዓመቱ ክፍያ ካልተከፈለ ስሙ ይለቀቃል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ይደርስ የነበረው ለእርሱ እንጂ ለእኛ አልነበረም።

አንድ ቀን ጧት ከሐዋሳ አንድ የቆዩ ደንበኛ ደውለው «ሐጂ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ቁማር ቤት የከፈቱት?» አሏቸው። አድራሻውን ብንከፍተው የውርርድ ገጽ ሆኖ አገኘነው። ስሙ ጊዜው አልፎበት ተለቆ ኖሮ ሌላ ሰው ገዝቶታል። ሐጂ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እኔም ቀለም ቀቢ ጠርቼ የመኪናውን በር አስጠፋሁ፤ ጆንያዎቹን ግን ከየገበያው ማን ይሰበስባቸዋል? እስከ ዛሬ ድረስ የውርርድ ቤት አድራሻ ተሸክመው ይዞራሉ።

ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱ ላይ ማላከክ ቀላል ነበር። ነገር ግን የሱቅ ኪራይ ውል ሲመጣ እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልሁ የማነብ ጸሐፊ፣ ይህንን ሳልጠይቅ ማለፌ የራሴ ጥፋት ነው። በመርካቶ ሱቅ የተከራየ ሁሉ እንደሚያውቀው ቤቱ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በደጃፉ ላይ የተሰቀለው ስምና በመዝገብ የተጻፈው ደንበኛ ግን የነጋዴው ነው፤ ቤት ሲለቅም ይዞት ይሄዳል። በድረ ገጽም ጉዳይ ስሙ ማለትም ዶሜይኑ አንድ ነገር ነው፤ ገጹ የሚሠራበት መሣሪያ ሌላ ነገር ነው። መሣሪያው ቢለወጥ ደንበኛ ላያውቀው ይችላል፤ ስሙ ከጠፋ ግን ንግድ ቤቱ ከነበረበት ጎዳና እንደ ተነቀለ ይቆጠራል። ስለዚህ ስሙ በነጋዴው ስምና በንግድ ቤቱ ኢሜይል ይመዝገብ፤ ይለፍ ቃሉም ከንግድ ፈቃዱ ጋራ በአንድ ካዝና ይቀመጥ። በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚመዘገበው በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቀው የአገራችን ስም በብር ስለሚከፈል፣ ለአገር ውስጥ ነጋዴ የሚመች ይመስለኛል።

አሁን ወደ ተለመደው ጥያቄ እመለሳለሁ። የድረ ገጽ መሥሪያዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። እንደ ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስና ሾፒፋይ ያሉት ቤቱንም መደርደሪያውንም ዘበኛውንም አንድ ላይ የሚያከራዩ ናቸው። ዎርድፕረስ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በነጻ ፈቃድ የወጣ ሶፍትዌር ስለ ሆነ፣ ማንም ሰው ወስዶ በፈለገው ማስተናገጃ ላይ ሊተክለው ይችላል፤ ማስተናገጃው ባይስማማው ነቅሎ ወደ ሌላ ያዛውረዋል። (በዚሁ በዎርድፕረስ ስም ተዘጋጅቶ የሚከራይም አገልግሎት ስላለ፣ ሠሪው የትኛውን እንደሚል ጠይቁት።) በዊክስ የተሠራ ገጽ ግን እንዳለ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሊተከል አይችልም፤ መልቀቅ የፈለገ ሰው ገጹን እንደ ገና ያሠራል።

ሾፒፋይን የመሠረቱት ሰዎች በመጀመሪያ በካናዳ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ሰሌዳ ይሸጡ የነበሩ ባለ ሱቆች ናቸው፤ የሱቅ ሰው የሠራው መሆኑም ከአሠራሩ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ የራሱ የገንዘብ መቀበያ በኢትዮጵያ አይሠራም። የእኛ ደንበኛ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር መክፈልን ለምዷል፤ ባንኩም በስልኩ ውስጥ ነው። እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ ከፋይና ተቀባይ አገናኞች ደግሞ በዎርድፕረስ ላይ ከሚተከለው የሱቅ ክፍል፣ ዉኮሜርስ ከሚባለው፣ ጋራ የሚገጥም መሣሪያ አዘጋጅተዋል። ገንዘብ ሊቀበልበት የማይችል መሸጫ ምን ያህል ቢያምር ለባለ ሱቅ ምን ይረባዋል?

የኪራዩም ነገር አለ። የውጭዎቹ ኪራይ በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ሳለ፣ የወር 20 ዶላር ኪራይ 1,140 ብር ነበር፤ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ኪራይ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ገጹ ግን በአንዲት ፊደል እንኳ አልጨመረም። ብዙዎቻችን በውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ እናስከፍላለን፤ የዘመድ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ ገጹም አብሮ ይዘጋል፤ ዘመድን በዚህ ምክንያት መቀየም ደግሞ ነውር ነው።

«እንግዲያው በነጻ የሚሰጠውን እንያዝ» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጉግል ለትንንሽ ንግድ ቤቶች ነጻ ድረ ገጽ ይሰጥ ነበር፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ግን ገጾቹን በሙሉ ዘጋ። በካርታው ላይ የንግድ ቤት ስምና ስልክ ማስፈር ዛሬም በነጻ ይቻላል፤ መደረግም አለበት። አሠሪዬ ደግሞ «ቴሌግራም ይበቃኛል» ይሉ ነበር፤ እውነትም የዕለቱን የበርበሬ ዋጋ ለማስታወቅ ከቴሌግራም የሚሻል አላገኘሁም። ሆኖም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ፌስቡክ በአገራችን ለአምስት ወራት ያህል ተገድበው በቆዩበት ጊዜ፣ ደንበኛውን ሁሉ በዚያ ብቻ የያዘ ነጋዴ ምን እንደ ደረሰበት እናስታውሳለን። ስለዚህ ቴሌግራሙ ጠሪ ይሁን፤ ስሙ ግን በራስ ገጽ ይቀመጥ።

ይህን ስል ዎርድፕረስን ለሁሉ አዝዣለሁ ማለት አይደለም። ዎርድፕረስ በየጊዜው ካልታደሰ ሌባ ይገባበታል፤ የሚያድሰው ሰው የሌለው ነጋዴ፣ ስሙን በራሱ ካስመዘገበ በኋላ ገጹን በኪራይ ቢያሠራ አልነቅፈውም። በወልቂጤ አንድ ሱቅ ያለው ሰው ስም፣ ሥፍራ፣ ስልክና የዕቃ ዝርዝር የያዘ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ግን ከሁሉ በፊት በራሱ ዶሜይን የሚጠራ ኢሜይል ያስፈልገዋል፤ የውጭ አገር ገዢ ማንም በነጻ ከሚከፍተው ኢሜይል የተላከለትን የዋጋ ማቅረቢያ በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም።

ስለ ፊደላችንም አንድ ቃል ልጨምር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከገባ ወዲህ አማርኛ በየትኛውም መሥሪያ ይጻፋል። ለጉራጌኛ አጻጻፍ የተዘጋጁ ተጨማሪ ፊደላት ግን የገቡት እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ሆነ፣ በአሮጌ ስልክ ላይ ባዶ ሣጥን ሆነው ይታያሉ። በጉራጌኛ ሊጽፍ የሚወድ ሰው፣ ሠሪው በኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ብቻ ዐይቶ አይቀበል፤ ርካሽ ስልክ ይዞ መናኸሪያ ይውረድና በዚያ ይክፈተው። ገጹ በዚያ እስኪከፈት ድረስ የአዲስ አበባ መኪና ሞልቶ የሚነሣ ከሆነ፣ ፎቶግራፎቹ ይቀነሱ።

እኛም አዲስ ስም አስመዝግበናል፤ በዚህ ጊዜ በሐጂ ስም ነው። የሚከፈልበትንም ቀን በትልቁ ጽፌ ከግብር መክፈያው ቀን አጠገብ በግድግዳው ላይ ሰቅየዋለሁ። አዲሶቹ ጆንያዎች በሚመጣው ወር ይደርሳሉ።