ባለቤት የሌለው ውሻ

በአማርኛ «ደመ ከልብ» የሚባል አነጋገር አለ። «ከልብ» በግእዝ ውሻ ማለት ስለሆነ፣ አነጋገሩ በቀጥታ ሲፈታ «የውሻ ደም» ይሆናል። አንድ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይጠየቅ፣ ፍርድም ሳይሰጥ ሲቀር «ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይባላል። አነጋገሩ የተፈጠረው የሰውን ፍትሕ ማጣት ለመግለጽ ነው፤ ነገር ግን ስለ ውሻም አንድ እውነት ይነግረናል፤ ይኸውም ጠያቂ የሌለው ፍጡር መሆኑን ነው። እኔ በበኩሌ የዚህን እውነት ሌላ ገጽ እጨምርበታለሁ። ባለቤት የሌለው ውሻ ሲገደል ደሙን የሚጠይቅለት እንደሌለ ሁሉ፣ ሰው ሲነክስም ስለ እርሱ መልስ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ በየመንገዱ የሚባዝኑ ውሾችና ድመቶች የሚያስከትሉት ችግር የሚቃለለው እነርሱን በመፍጀት ሳይሆን፣ ለእያንዳንዳቸው ተጠያቂ የሚሆን ባለቤት በመፈለግ ነው እላለሁ።

ለአብነት ከጎንደር ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙትን ዳባትንና ደባርቅን፣ እንዲሁም በስሜን ተራሮች ግርጌ ያሉትን መንደሮች እንመልከት። በዚህ ደጋ አገር ገብስ እየዘራና በግ እያረባ የሚኖረው ገበሬ ውሻን የሚያሳድገው ለጌጥ አይደለም። ጅብ ሌሊት ወደ በረት ሲጠጋ የሚያስጠነቅቀው፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ወደ አዝመራው ሲወርድ ከእረኛው ጋር የሚሮጠው ውሻ ነው። ድመትም ብትሆን ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያስረዳውም ይህንኑ ውል ነው፤ የሚያበላው ቤት ያለው ውሻ የሚጠብቀው ቤት አለው።

ታዲያ ባለቤት የሌላቸው እንስሳት ከየት ይመጣሉ? ከሰማይ አይወርዱም፤ ከመካከላችን ይወጣሉ እንጂ። አንዲት ውሻ ከተጠቃች በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይታ በአንድ ጊዜ አምስትና ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቡችሎች ትወልዳለች። ወንዶቹ ቡችሎች ፈላጊ አያጡም። ሴቶቹ ግን «ነገ ወልዳ ታስቸግራለች» ተብለው በገበያ ዳር ወይም በወንዝ አጠገብ ይጣላሉ። ከተጣሉት መካከል በሕይወት የተረፉት በሥጋ ቤቶች ጓሮና በቆሻሻ መጣያ ዙሪያ አድገው፣ በተራቸው ባለቤት የሌላቸው ቡችሎች ይወልዳሉ። እንግዲህ ሴቲቱን ቡችላ የጣላት ሰው አንድ ውሻ ሳይሆን አንድ መንጋ ጣለ ማለት ይቻላል።

ይህን መንጋ ለመቀነስ በአገራችን ከተሞች ሲሠራበት የኖረው ዘዴ መርዝ ነው። መርዝ የተለወሰ ሥጋ ሌሊት ተበትኖ፣ ጠዋት ሬሳ ይሰበሰባል። ነገሩ ሲታይ ፈጣንና ርካሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በሦስት ምክንያቶች አይበጅም። አንደኛ፣ የቆሻሻው ክምር እስካለ ድረስ በሞቱት ውሾች ቦታ ከአካባቢው ሌሎች ይመጣሉ። ሁለተኛ፣ የተከተበውም ካልተከተበው ጋር አብሮ ስለሚሞት በሽታን የሚገታው አጥር ይፈርሳል። ሦስተኛ፣ በመርዝ የሞተን እንስሳ የበላ ሌላ እንስሳም ስለሚመረዝ፣ ጥንብ አንሳን የመሳሰሉት አካባቢን የሚያጸዱ አእዋፍ አብረው ይጠፋሉ።

የበጎ ፈቃድ ማኅበራት የሚከተሉት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በመጀመሪያ የባዘነውን እንስሳ ይይዙና ለብቻው አቆይተው ጤንነቱን ይከታተላሉ። ቀጥሎም የእንስሳት ሐኪም መርምሮት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትና የሆድ ትላትል መድኃኒት ይሰጠዋል። ወንዱ ይኮላሻል፤ ሴቷም እንዳትወልድ በቀዶ ሕክምና ትመክናለች። ከዚያ በኋላ አሳዳጊ ይፈለጋል። አሳዳጊ ነኝ ያለ ሁሉ ግን ዝም ብሎ አይሰጠውም። ግቢ አለህ ወይ? ልጆች አሉህ ወይ? በየዓመቱ ታስከትበዋለህ ወይ? ተብሎ ይጠየቃል። ቃሉን ከሰጠና እንስሳውን ከተረከበ በኋላም ማኅበሩ እየሄደ ይጎበኘዋል፤ ማሳደግ ካቃተውም መልሶ ይረከበዋል። መዳን የማይችለው በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ አሳዳጊ ያጣው ደግሞ ተከትቦና መክኖ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። በአገራችንም በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይሠሩ የነበሩት ኤፍሬም ለገሠና ሃና ክፍሌ ቤት አልባ እንስሳትን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቁመው፣ ውሾችን መፍጀት ቀርቶ ማምከንና መከተብ እንዲተካው ተከራክረዋል።

አንዳንድ ሰዎች «ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ ማሰብ ምን ይባላል?» ይላሉ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን በባዘነ ውሻ የሚነከሰው ማን እንደሆነ እናስተውል። በመኪና የሚሄደውና ግቢውን በግንብ ያጠረው ሰው አይደለም፤ በግ የሚጠብቀው እረኛና ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ ሰውን ከሚይዘው በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ሲሆን፣ ከሟቾቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ከዚህ በሽታ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚታሰብ ነው።

የባለቤት ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ጊዜ ነው። ልጁን የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው፣ ክትባት መውሰዱ ይጠየቃል፤ ታስሮም ለ10 ቀን ይጠበቃል። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ባለቤት የሌለው ውሻ ግን ነክሶ ይሰወራል። የልጁ ወላጆች እርግጡን የሚያውቁበት መንገድ ስለሌላቸው፣ ሥራቸውን ትተውና ገንዘብ ተበድረው የክትባቱን ተራ እስከ መጨረሻው ይከታተላሉ፤ ለዚህ አቅም ያጣ ደግሞ ልጁን በጭንቀት ይጠብቃል። አንድን ውሻ መከተብ የተነከሰን ሰው ከማከም እጅግ ይረክሳል። እንግዲህ ለውሻው ባለቤት መፈለግ ከድሃው አፍ ነጥቆ ለእንስሳ መስጠት ሳይሆን፣ የድሃውን ልጅ ከአደጋ መጠበቅ ነው።

ጉዳቱ ከሰው አልፎ ወደ ዱሩም ይሻገራል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ ያልተከተበ ውሻ በቀደደው አጥር በሽታ ገብቶ የዱር አራዊትን ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በመላ አገሪቱ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን ክፉኛ ፈጅቷል። በስሜን ያለው የቀበሮ ቁጥር ከባሌው በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ መቅሠፍት ቢደርስ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ባለሙያዎች እንደሚሉት በአንድ አካባቢ ከሚገኙ 100 ውሾች 70 ያህሉ በተከታታይ ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። ሜክሲኮ በየዓመቱ ውሾቿን በዘመቻ ስትከትብ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ማጥፋቷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። በደባርቅና በዳባትም መምህራን፣ ወጣቶችና የቀበሌ ነዋሪዎች የበጎ ፈቃድ ማኅበር ቢያቋቁሙ፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከሚሠለጥኑበት ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያዊ እርዳታ ሊጠይቁ ይችላሉ። ከተማው የሥጋ ቤቶችን ትራፊ በሥርዓት ቢያስወግድ፣ ማኅበሩ ሴት ቡችሎችን ሳይጣሉ ተቀብሎ ቢያስከትብና ቢያመክን፣ ጎተራውን አይጥ ላስቸገረው ገበሬ ድመት፣ በረቱን ጅብ ላሰጋው ደግሞ ውሻ ማድረስ ይቻላል። የማትወልድ ሴት ውሻ ከወንዱ ባልተናነሰ ትጠብቃለችና፣ እርሷን የመጣል ልማድ ምክንያት ያጣል።

ውሻን የገራውና ከዱር አውጥቶ ከደጁ ያሳደረው ሰው ነው። ስለዚህ ያስለመደውን እንስሳ አሳድጎ መጣል፣ የገቡትን ውል ማፍረስ ነው። በየመንደሩ ለእያንዳንዱ ውሻ «የእኔ ነው» የሚል አንድ ሰው በተገኘ ጊዜ፣ የውሻው ደም ጠያቂ፣ የልጁም ቁስል ተጠያቂ ያገኛል።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. ጸሐፊው ዋና ሐሳባቸውን የገለጹት በየትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?
2. መርዝ የማይበጅባቸውን ሦስት ምክንያቶች በራሳችሁ አባባል ጻፉ።
3. የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለው መሆኑና የሌለው መሆኑ ለተነከሰው ሰው ምን ልዩነት ያመጣል?

ለ. «ደመ ከልብ»፣ «ውሻ በበላበት ይጮኻል»፣ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚሉትን አነጋገሮች ስለ ሰው ጠባይ በሚናገሩ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አስገቡ።

ሐ. «ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ ማሰብ አይገባም» የሚለውን ሐሳብ በመደገፍ ወይም በመቃወም ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።