መብራቱን የሚያጠፋ ዘይት

ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ጀበና የምትመስል ቀይ ምልክት ስትበራ ብዙ ሾፌር የሚያደርገው የታወቀ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ መለኪያውን ያወጣና «ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ሴንሰሩ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጋራዥ ቢገባም ምክሩ ዝግጁ ነው፤ «20ደብሊው-50 አድርግበት፣ ይጠፋል።» እውነትም ይጠፋል። የምከራከረው በዚሁ ነው።

መለኪያው የሚያሳየው ኮፓው ውስጥ ያለውን የዘይት መጠን ነው። መብራቱን የሚያበራው ግን የግፊት ማነስ ነው። ዘይቱ ሞልቶ የፓምፑ መምጠጫ ወንፊት በዝቃጭ ከተደፈነ፣ ሞተሩ ዘይት ላይ ተቀምጦ ይደርቃል።

ወፍራሙ 20ደብሊው-50 ዘይት ታዲያ ምን ይሠራል? ብሮንዚናው ሲበላ በእሱና በኮሎው መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ ሲሠራ ፓምፑ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ የቀጠነው ዘይት በክፍተቱ ያመልጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ወፍራሙ ሲገባ ማምለጡ ይዘገይና መብራቱ ዝም ይላል። የተበላው ግን እንደተበላ ነው። እንዲያውም በኅዳር ብርድ ጠዋት ሲነሳ ወፍራሙ ዘይት ቴስታታው ላይ እስኪደርስ ካምሻፍቱ ይፈተጋል። የመኪናው መመሪያ 20-50 ከፈቀደ ግን ጠብ የለኝም።

«ሴንሰሩ ነው» የሚለው አንዳንዴ እውነት ነው፤ በግምት ግን አይታወቅም። ሴንሰሩ ተፈቶ በቦታው የግፊት ጌጅ ይገጠማል። የቶዮታ 1ኤንዜድ ሞተር ሞቆ በሚኒሞ ቢያንስ 29 ኪሎፓስካል፣ በ3000 ዙር ከ150 እስከ 550 ማሳየት አለበት። 29 ኪሎፓስካል ጎማ ውስጥ ከምናስሞላው ነፋስ አንድ ሰባተኛው ገደማ ነው። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ወደዚያ አካባቢ ከወረደ በኋላ ስለሆነ፣ ጥግ ይዞ ወዲያው ማጥፋት እንጂ «እንደምንም ቤት ልድረስበት» አያዋጣም። ግፊቱን መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሆኖም ስንቱ ጋራዥ ጌጁን አውጥቶ ይለካል?

የባሰው ሽያጭ ላይ ነው። የሴንሰሩን ሽቦ ነቅሎ መኪናውን ለደላላ የሚያስረክብ አለ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ አዙሩ፤ ቀዩ ምልክት መብራት አለበት። ካልበራ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ አንድ ሰው ነካክቶታል። ከበራ ደግሞ በደንብ እስኪግል ንዱትና በሚኒሞ አቁማችሁ እዩት፤ ሻጩ «አስነስተህ ስማው» የሚላችሁ ቀዝቃዛውን ሞተር ነው።