ሽታው ስለ በረታ ጀርሙ ሞተ ማለት አይደለም

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ንጽሕና ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ነው፤ መልካም ነው። እኔ ግን ዛሬ በከብትና በዶሮ ቤት ስለምንደፋው የጀርም ማጥፊያ ጥቂት ልል እፈልጋለሁ። ርእሱን የሰሙ ጓደኞቼ «መምህር ልትሆን ነው ወይስ የከብት ሐኪም?» ብለው ስቀውብኛል። ይሳቁ፤ ነገሩ ወደ እኛም ይመጣል።

አክስቴ ኲሓ ውስጥ ሦስት የወተት ላሞች አሏት። ባለፈው ዕረፍት ሳግዛት እንዳየሁት፣ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ውኃ ላይ በረኪና በግምት ጠብ ታደርግና ከነእበቱ ትደፋበታለች። በረቱ በረኪና በረኪና ከሸተተ ጸድቷል ማለት ነው። ከላሞቹ አንዷ ግን ጡቷ እያበጠ፣ ወተቷም እየረጋ አስቸገረች፤ ፔኒሲሊን ተወግታም አልዳነችም። ይህን ያመጣው በረኪናው ነው አልልም። ነገር ግን ጉዳዩን እንዳነብ ያደረገኝ እሱ ነው።

በረኪና ጉልበቱን የሚያገኘው ከክሎሪን ነው። እበት ላይ ሲደፋ ክሎሪኑ ጀርሙ ዘንድ ሳይደርስ እበቱ ላይ ያልቃል። ሽታው ይቀራል እንጂ ጉልበቱ ሄዷል። ከከብት ሽንት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል፤ አክስቴን በረት ስታጥብ የሚያስላት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እበት ውስጥ ተሸሽጎ የተረፈው ባክቴሪያ ታዲያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኢ. ኮላይ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ያህል እጥፍ ይሆናል፤ እስከ ማታ ያለውን እናንተው አስሉት።

ይበልጥ የሚያሳስበው የሌሎቹ ማጥፊያዎች ነገር ነው። በዶሮ እርባታ የሚረጩት ኳተርናሪ አሞኒየም የሚባሉት፣ እንዲሁም የላም ጡት የሚነከርበት ክሎርሄክሲዲን በትንሽ በትንሹ ሲቀመሱ፣ አንዳንዱ ባክቴሪያ መርዙን ከውስጡ መልሶ የሚተፋበት ፓምፕ አለውና ይተርፋል። ክፋቱ፣ ይኸው ፓምፕ አንዳንድ የሕክምና መድኃኒቶችንም አብሮ ይተፋል። ከዚህም ሌላ፣ ማጥፊያውን የሚቋቋመው ጂንና አንቲባዮቲክን የሚቋቋመው ጂን ፕላዝሚድ በሚባል አንድ ቀለበት ላይ ተያይዘው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሊተላለፉ ይችላሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒትን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። የኛም ባልዲ እንዲሁ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል ካለ፣ እዚሁ መቀሌ በጥሬ የላም ወተትና በፍራፍሬ ጭማቂ ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ከተገኘው ኢ. ኮላይ ውስጥ ለሕክምና መድኃኒት አልበገር ያለ ነበረበት። ያንን ወተት የሚጠጡት ነገ ፊታችን የሚቀመጡት ሕፃናት ናቸው።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ «በደንብ እጠቡ» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እበትን በአካፋ መጥረግ ውኃ አይጠይቅም፤ ትልቁ ሥራም እሱ ነው። ከዚያ ያለችውን ውኃ በሳሙና አድርጎ ማጠብና ማንጠፍጠፍ፣ በመጨረሻም ማጥፊያውን መስፈር ነው። 5 በመቶ ለሆነው የቤት በረኪና አንድ ኩባያ በዘጠኝ ኩባያ ውኃ በቂ ነው፤ ላሞቹ ውጪ እንዳሉ 10 ደቂቃ ይቆይና ይለቅለቃል። የተበጠበጠውን ለነገ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ፀሐይና ሙቀት ያደክሙታል። ሌላው ማጥፊያ ደግሞ ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ እንጂ በቁጠባ አይበጠበጥም። ቁጠባው እዚያ ላይ ነው የሚያከስረን።

እኔ የባክቴሪያን ቅርጽ፣ ክብ፣ ዘንግ፣ ጥምዝምዝ እያልኩ ሸምድጄ ፈተና አልፌያለሁ። በረኪና እንዴት እንደሚሰፈር ያሳየኝ መምህር ግን አልነበረም። እኛም በዚሁ ከቀጠልን የገበሬውን ልጅ ቃሉን አስሸምድደን እንሸኘዋለን ማለት ነው። ስለዚህ የሳይንስ አሰልጣኞቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ አንዱ ክፍለ ጊዜ በባልዲ፣ በኩባያና በአካፋ ይሁን። አካፋውን እኔ ከአክስቴ ተውሼ አመጣለሁ። ኩባያዋን ግን አትሰጠኝም፤ አሁን በረቱ በር ላይ ሰቅላ ትሰፍርበታለች።