ወንበሩን አስረክቦ ስሙን ትቶ የሄደው ባለሙያ

የመንግሥት ሠራተኛ መሥሪያ ቤት ሲለቅ የክሊራንስ ወረቀት ይዞ ክፍል ለክፍል ይዞራል። ንብረት ክፍል በሞዴል 22 የወሰደውን ወንበርና ላፕቶፕ ይቆጥራል። ፋይናንስ ያልተወራረደ አበል መኖር አለመኖሩን ያያል። ቁልፍና ማህተም ይመለሳል። አንድ ነገር ግን ማንም አይጠይቀውም፦ «ሰርቨሩ ላይ በአንተ ስም የሚሠራ ሥራ አለ?»

ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ መረጃ ያስጠፋል፤ ንጹሕ ሰውንም ያስጠይቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨር ላይ ሰው ሳይነካቸው በሰዓታቸው የሚነሡ ሥራዎች አሉ፦ ባክአፕ መያዝ፣ ሪፖርት ማጠናቀር፣ ፋይል ወደ ሌላ ማሽን መገልበጥ። ዊንዶውስ ላይ ይህን የሚያስተዳድረው ታስክ ስኬጁለር ነው። እያንዳንዱ ሥራ የሚነሣው በአንድ አካውንት ስምና መብት ነው። ባለሙያው ካልቀየረው ደግሞ ያ አካውንት የራሱ ነው።

አሁን መካነ ሰላም ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ይታሰብ። የአይቲ ባለሙያው አንድ ብቻ ነው። እሱም ደሴ ይዛወራል። አካውንቱ ይዘጋል ወይም ፓስወርዱ ይቀየራል። ታስኩ የያዘው አሮጌውን ፓስወርድ ነውና ባክአፑ በዚያው ሌሊት ይቆማል። የሚጮህ ደወል የለም። ከወራት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስኩ ይቃጠላል። የባክአፕ ፎልደሩ ሲከፈት የመጨረሻው ፋይል ባለሙያው በሄደበት ሳምንት የተቀመጠ ሆኖ ይገኛል። የጠፋው የመሬት ፋይል፣ የደመወዝ መዝገብ ወይም የሕመምተኛ ካርድ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዋጋ የሚከፍለው ከቦረና ገጠር በእግሩ የመጣው ባለጉዳይ ነው።

ተተኪው ባለሙያ ችግሩን ቀድሞ ቢያገኘውም ይደናገራል። በእጁ ሲያስነሣው ይሠራል፣ በሰዓቱ ግን አይሠራም። ምክንያቱ አስማት አይደለም። ታስኩ «ተጠቃሚው ገብቶ ሲገኝ ብቻ» ተብሎ ተሞልቶ ይሆናል። ወይም በባለሙያው ስክሪን ላይ «ዜድ» ተብሎ የሚታየው የኔትወርክ ድራይቭ ለሌላው አካውንት የለም፤ መፍትሔው ሙሉውን የኔትወርክ አድራሻ መጻፍ ነው። ወይም አካውንቱ ሰው ሳይገባ ሥራ የማስነሣት መብት አልተሰጠውም። ወይም ከመጀመሪያው ሰዓቱ ተሳስቷል፦ ማሽኑ ከንጋቱ በፊት 2:00 የሚለው በአገሬው ሰዓት ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ሠራተኛ ሲወጣ ሰርቨሩንም የሚያጠፋ መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ያለፈው ሥራ ማሽኑ ሲበራ እንዲነሣ ካልታዘዘ ሰዓቱ እንዳለፈ ይቀራል።

ይህን አንድ በአንድ ከመመርመር ይልቅ የተለመደው መድኃኒት «አድሚን አድርገውና ይሥራ» ነው። ይህ ሰነፍ መድኃኒት ነው። ሁሉም ሰው ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፋይል በአድሚን መብት ሲነሣ፣ ፋይሉን የቀየረ ሁሉ የሰርቨሩ ጌታ ይሆናል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ «ባክአፑ እንዳይቆም የድሮው ባለሙያ አካውንት ክፍት ይቆይ፣ ፓስወርዱም አይነካ» የሚለው ነው። ሰውየው ደሴ ተኝቶ ስሙ መካነ ሰላም ሌሊት ይሠራል። ነገ መረጃ ቢሰረቅ ወይም ቢሰረዝ መዝገቡ የሚያሳየው የእሱን ስም ነው። አገሪቱ ከ2008 ጀምሮ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አላት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ፓስወርዱን አምስት ሰው የሚያውቀው አካውንት በየትኛው ሕግ ፊት ይቆማል?

«ከላይ ያሉት በርቀት ያስተካክሉታል» የሚለውም አያዋጣም። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም አይቷል። መንገድ በሚዘጋበት፣ መስመር በሚጠፋበት ደጋ ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ራሱን ማዳን የሚችለው እጁ ላይ ባለው እውቀትና ሰነድ ብቻ ነው።

«በጀት የለም» ማለትም ሰበብ ነው። የማንም ሰው ያልሆነ፣ ለአንድ ሥራ ብቻ የተከፈተ፣ የሚያስፈልገውን ፎልደር ብቻ የሚነካ አካውንት መክፈት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በዶሜይን ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ዊንዶውስ ራሱ ፓስወርዱን የሚያድስለት ዓይነት አካውንትም አለ። የጎደለው ብር አይደለም፤ «ይህ የእኔ ኃላፊነት ነው» የሚል አለቃ ነው።

ስለዚህ በክሊራንስ ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር። በሚለቀው ሰው ስም የሚነሡ ሥራዎች ዝርዝር፤ ወደ የትኛው አካውንት እንደተዛወሩ፤ ከተዛወሩ በኋላ ባክአፑ ተመልሶ ተከፍቶ መታየቱ። የመጨረሻው መስመር ላይ የሚፈርመው የአይቲ ባለሙያው አይደለም፣ ኃላፊው ነው። «ውጤት ዜሮ፣ ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ አይቶ መፈረም አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ባዶ ፋይል ጽፎም ተሳክቷል ሊል ይችላል።

ወንበር ቢጠፋ ሌላ ወንበር ይገዛል። የሰው መዝገብ ከጠፋ ግን በየትኛውም ሞዴል ገቢ አይሆንም።