የአፈሙዝ እርጅና

ሆሳዕናን የቆረቆሩት ራስ አባተ ቧያለው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የመድፍ አዛዥ ነበሩ። ቀድሞ ዋቸሞ በተባለው በዚሁ ስፍራ የሰፈረው ጦራቸውም መሣሪያውን ታጥቆ ነው የመጣው። በዚያ ዘመን አገሩን ያጥለቀለቀው የፈረንሳዩ ጠመንጃ ውጅግራ ነበር። ከአያት የወረሰውን ጠመንጃ ኢላማ ስቶ ያየ ሰው፣ «ተተኩሶበት ተተኩሶበት አረጀ» ማለት ይቀናዋል። ለአያት ክብር ይሆናል፤ ስሌቱ ግን አያስኬድም።

ተኩስ አፈሙዝን የሚበላው በሙቀት ነው። ጋዙ ጥይቱ ከሚጎርስበት ወዲያ ማዶ ያለውን ብረት ይልሰዋል፤ ጥይቱን የሚያሽከረክሩት ጥምዝ ቦዮችም እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ የእግረኛ ጠመንጃ እንኳ እዚህ ለመድረስ ሺዎች ጥይት ይፈጃል። ለስላሳ እርሳስ የሚወረውረው ውጅግራማ ከዚያም ይቆያል። ያን ሁሉ ጥይት ከየት አምጥቶ? በምኒልክ ዘመን ጥይት ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ገንዘቡን ለልምምድ የሚተኩስ ማን ነው?

የበላው ዝገት ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ግማሽ በላይ ጥላሸትና ጨው ሆኖ ይቀራል፤ ይህም እርጥበት ይስባል። በሐዲያ ደጋ ክረምት፣ ለለቅሶ አንዴ ተኩሶ ሳያጥብ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሰው መቶ ጥይት ተኩሶ ካጠበው ይልቅ አፈሙዙን ይጎዳል። ኋላ የመጣው ጭስ አልባ ጥይትም ብዙ አላዳነም፤ የድሮው የጥይት መቀስቀሻ ከምግብ ጨው ጋር የሚመሳሰል ጨው ይተዋል። ይህን ጨው ዘይት አያሟሟውም፣ ውኃ እንጂ። ሳያጥብ ዘይት የሚቀባ ጠንቃቃ ባለቤት ጨውን ከብረቱ ጋር አሽጎ ያስቀምጠዋል።

ጠንቃቃው ሌላም ጥፋት አለበት። አሸዋ የያዘ መወልወያ ዘንግ በአፍ በኩል ሲመላለስ ጫፉን ያሰፋዋል፤ ጥይት አቅጣጫውን ይዞ የሚወጣው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ውጅግራ መቀርቀሪያው ስለሚወጣ ከኋላ ሊወለወል ይችላል፤ ክላሽ ግን ውስጡ በክሮም ቢለበጥም የሚወለወለው በአፉ በኩል ነው።

የትኛው እንደበላው ማወቅ አይከብድም። ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ያልተተኮሰ ጥይት በአፍንጫው ወደ አፈሙዙ ማስገባት ነው። እርሳሱ እስከ ቀለሁ ድረስ ከሰመጠ ጫፉ ሰፍቷል። ጫፉ ደህና ሆኖ ውስጡ በብርሃን ሲታይ ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ ዝገት ነው። ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ቦዮቹ ከጥይት መጉረሻው አጠገብ ብቻ ከጠፉ፣ ያኔ አያትየው በእርግጥ ተኳሽ ነበሩ።